በሰው አፍ የተጸለየ

የጸሎት ቤቱን በር አልፎ በግራ በኩል አንዲት ሰፊ ቅርጫት ትቀመጣለች፤ ከቅርጫቷ አጠገብ ደግሞ እማማ ሻሽ። ይህ የወጣላቸው ስም ነው። ዋናውን ስማቸውን አሁን የሚያስታውሰው መታወቂያቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሳቸውም ቢሆኑ ድንገት በዋናው ስማቸው የጠራቸው ሰው ካለ፣ መርዶ ሊነግራቸው የመጣ ይመስላቸዋል።

ሥራቸው ሲያዩት ቀላል ነው። ሻሽ ረስታ የመጣች፣ ወይም እንግዳ ሆና ደንቡን የማታውቅ ሴት ስትገባ ከቅርጫቷ አንዱን አንስተው ይሰጣሉ። ሲወጡ ይቀበላሉ፣ ቤት ወስደው ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ አጥፈው ይመልሳሉ። እሳቸው ግን ቀላል አድርገውት አያውቁም። ሕፃን ለታቀፈች ሴት ሕፃኑ ጎትቶ የማይጥለውን ወፍራሙን ይመርጡላታል። ስታለቅስ ያደረች ከሆነች፣ ያውቁባታል፣ ፊቷን ከለል እንድታደርግበት ሰፊውን ይሰጧታል። ከዚያ ተቀምጠው ይጨነቃሉ። ሳሙናው የሰው ቆዳ ያሳክክ ይሆን? ያቺ ልጅ አልጠበቀችውም፣ ቢወልቅባትስ? ዝናብ ከመጣ እነዚያ ሁሉ ሴቶች ሻሹን ደርበው ሄደው ቢቀሩስ?

በዚያ ጉባኤ ሴት ራሷን እስከ ቅንድቧ ትሸፍናለች፤ በጉባኤውም መካከል ብቻዋን ድምፅ አታሰማም። ከሁሉ ጋር መዘመር ይቻላል። ቆሞ መጸለይና ማስተማር የወንዶች ነው። እማማ ሻሽ በዚህ ደንብ ውስጥ ተወልደው በዚሁ አርጅተዋል፤ ይወዱታልም። ሻሻቸውን ሲያጠልቁ በር የተዘጋ ያህል ነው የሚሰማቸው። ያልጠፋ ምድጃ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የጎረቤት ነገር፣ ሁሉም ከበር ውጭ ይቀራል። በቀን ውስጥ ልባቸው የሚያርፍበት ሰዓት ይኸው ብቻ ነው።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ገና ዳዴ ሳይል ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። ያኔ በሰፈሩ መስማት ለማይችል ልጅ ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ እናትና ልጅ በወጥ ቤታቸው ውስጥ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። ጡጫ ደረት ላይ ሲሽከረከር ተናድጃለሁ ነው። መዳፍ ጉንጭ ላይ እንቅልፍ፣ ሁለት ጣት ክንድ ላይ ሲራመድ ሰው መጣ። ልጁ ካደገ በኋላ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ትክክለኛውን የምልክት ቋንቋ ተማረ፤ እጁ ከእናቱ ዓይን በላይ ፈጠነ። እሳቸው በወጥ ቤቱ ቋንቋ ቀሩ። የሱን አዲሱን ቋንቋ ከአሥር አንዱን ይይዛሉ፣ ቀሪውን ከፊቱ ያነባሉ።

አሁን ሶፋ ሠሪ ነው። የሰፈሩ ሰው ዝምተኛው ይለዋል፤ ጎረቤቶቹ ግን በዚህ ስም ይስቃሉ፣ ምክንያቱም የመዶሻውን ጩኸት ስለማይሰማ ሰው እንቅልፍ ላይ ይሁን አይሁን ለሱ ሁሉም አንድ ነው። የጸሎት ቤቱን ትራስ ያላቸው ወንበሮች የሠራው እሱ ነው። በነዚያ ወንበሮች መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነው ዕድሜውን የገፋው። ሰው ሲነሣ ይነሣል፣ ሰው ሲቀመጥ ይቀመጣል። ስብከት ሲሆን የሰውን ማጅራት ያያል፤ አንዳንዴ ደግሞ የወንበሩን ስፌት በጥፍሩ ይፈትሻል።

ሚስቱ በወሊድ ስለሞተችበት አንዲት ልጁን ያሳደጓት እማማ ሻሽ ናቸው። ልጅቷ ከመናገሯ በፊት በእጇ አባቷን ወተት ጠይቃለች ይላሉ። አድጋም መስማት የማይችሉ ልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ በጸሎት ቤቱ ከፊት፣ ከሰባኪው ጎን ቆማ ስብከቱን ለአባቷ በእጇ ትተረጉማለች። እሱም ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው መጣ።

ይህ ሲጀመር ሽማግሌዎቹ ተከራክረው ነበር። ሴት ከፊት መቆሟ እንዴት ይሆናል ያሉ ነበሩ። ነገሩን የቋጩት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መነፅር ሠሪው ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ሰው ሲያናግሩ ራሱን ሳይሆን መነፅሩን የሚያዩ ሰው ናቸው። እጅ ድምፅ የለውም አሉ። ዝም ብላ እስከቆመችና ራሷን እስከሸፈነች ድረስ ደንቡ አልተነካም። ሁሉም በዚህ ተስማማ።

አልተስማማ ያለው ሻሹ ነው። ልጅቷ ስትተረጉም እጇ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ራሷ ይወዛወዛል፣ ትከሻዋ ይዞራል፣ ሻሹም መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እሷ ደግሞ እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ አትመልሰውም። አንድ ቀን ጭራሽ ማጅራቷ ላይ ወርዶ ተንጠልጥሎ ስብከቱ አለቀ። በማግስቱ ከጉባኤው ሴቶች አንዷ የሆነችው የዳቦ ቤት ባለቤት ለእማማ ሻሽ ዳቦውን በወረቀት ስትጠቀልል፣ የሌላውን ሴት ሁሉ ራስ የሚሸፍን ሰው የገዛ ልጁን ራስ እንዴት አቃተው ብላ ፈገግ አለች። እማማ ሻሽ ዳቦውን ይዘው ሲወጡ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው መለካት ጀመሩ። ከውስጥ በኩል ጸጉር የሚይዝ የከፋይ ቁራጭ ሊሰፉበት ነው፤ ምንም ብትወዛወዝ እንዳይንሸራተት። የሻሹን ጠርዝ ቅንድቧ ላይ አድርገው በመርፌ ያዙት። ልጅቷ ወደ ላይ ገፋችው። እሳቸው ወደ ታች መለሱት።

“እማዬ፣ በኛ ቋንቋ ጥያቄ ማለት ቅንድብ ነው” አለች። “ቅንድቤን ከሸፈንሽው ‘መጣ’ እና ‘መጣ ወይ’ አንድ ይሆናሉ። ሰባኪው ‘ማን ይፈርዳል?’ ብሎ ሲጠይቅ አባዬ የሚያየው ‘ፈራጅ አለ’ የሚል ነው።”

እማማ ሻሽ መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው አሰቡ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ፈገግታ ግን አለቀቃቸውም። በጣት ስፋት ተደራደሩ። ልጅቷ ሁለት ጣት ጠየቀች፣ እሳቸው ግማሽ ሰጡ፣ አንድ ጣት ላይ ተስማሙ።

መስፋት ሲጀምሩ ልጅቷ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ ሻሹን እንደማትጠላው ነገረቻቸው። ትምህርት ቤት ስትሄድ የሥራ ልብሷን እንደምትለብሰው ነው የምታየው፤ ሲያጠልቁት አሁን የቆምኩት በማን ፊት እንደሆነ አውቃለሁ ያሰኛል። የማይገባት ሌላ ነው። ሐዋርያው ስለ መሸፈን በተናገረበት ቦታ ላይ የሚያወራው ስለምትጸልይ ሴት ነው። ስትጸልይ፣ በጉባኤም ስትናገር ራሷን ትሸፍን ነው የሚለው።

“እኛ ግን ሸፍነን ዝም አልን” አለች። “ካልጸለየች ለምንድነው የምትሸፈነው?”

እማማ ሻሽ ቶሎ ብለው ሌላውን ቦታ አነሡባት፤ ሴት በጉባኤ ዝም ትበል የተባለበትን። እሱንም የጻፈው ያው ሰው ነው አለች ልጅቷ፤ እንግዲህ አንዱን ሲጽፍ ሌላውን ረስቶት ነው? እሳቸው የሐዋርያው ጸሐፊ እንዳልነበሩ፣ ክሩም እየተቋጠረባቸው እንደሆነ ነግረው ዝም አሰኟት። ነገሩ ግን አልወጣላቸውም። ስፌቱን ጨርሰው ምድጃ ሲያጸዱም እዚያው ነበር፤ በጥርስ መካከል እንደገባ ነገር ምላሳቸው ደጋግሞ ይሄድበታል።

ይህ ሁሉ ገና ትንሹ ጭንቀት ነበር። ትልቁ የመጣው ተራ በሚባለው ነገር ነው።

በዚያ ጉባኤ በየሳምንቱ አንድ ወንድ ከፊት ወጥቶ በሁሉ ስም ይጸልያል። ተራው በወንበር ነው የሚዞረው፤ ዛሬ እዚህ የተቀመጠ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከጎኑ ያለው። ሶፋ ሠሪው ጋ ሲደርስ ዘሎት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ማንም በክፋት አላደረገውም። እንዲያውም ሊያስቸግሩት አልፈለጉም። እሱ ግን አይቶታል። አይቶም ዝም ብሎ ኖሯል። አሁን ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ ተራው እየቀረበ ሲመጣ ለልጁ ነገራት፦ የሚቀጥለው የኔ ነው፣ አትዝለሉኝ በይልኝ። እሱ በእጁ ይጸልያል፣ እሷ በድምፅ ትናገርለታለች።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ይህኛውን፣ እጅ ድምፅ የለውም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጸሎቱ የወንድ ነው፣ የሚሰማው ግን የሴት ድምፅ ነው። ማን ጸለየ ይባላል? አንዱ ጽፎ ይስጠንና ወንድ ያንብብለት አለ። ሶፋ ሠሪው እምቢ አለ። የደንበኛ ስምና የጨርቅ ልክ ይጽፋል እንጂ ከአምላኩ ጋር በእስክሪብቶ አውርቶ አያውቅም። ሌላ ወንድ ይተርጉምለት እንዳይባል ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ ወንድ በጉባኤው የለም። ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አንድ ወንድ አልተማረም ብላ ልጅቷ ጠየቀች አሉ።

በመጨረሻ መነፅር ሠሪው መፍትሔ አመጡና እማማ ሻሽ ቤት መጡ። ሻይ ቀረበላቸው። አረፍ ሳይሉ የእማማን መነፅር ከፊታቸው ተቀብለው የተጣመመውን እግር በአውራ ጣታቸው አቃኑት፣ በሸሚዛቸው ጠርዝ ወለወሉት፣ መልሰው ሰጧቸው። ከዚያ ተናገሩ። ልጁ በእጁ ይጸልይ። ልጅቷ ትርጉሙን በለሆሳስ ለመነፅር ሠሪው ትንገራቸው። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለጉባኤው ይናገራሉ። ደንቡም ይጠበቃል፣ ልጁም ይጸልያል።

“ልጅቷ እሳት ናት፣ እማማ” አሉ። “እኔ ብነግራት ትቆጣለች። ከእርስዎ አፍ ከሆነ ግን ትሰማለች። ጉባኤውን ሆድና ጀርባ እንዳታደርግብን።”

እማማ ሻሽ ሻይ ደገሙላቸውና አሰቡ። በአንድ በኩል ልጃቸው ተራውን ሊያገኝ ነው። በሌላ በኩል ያቺን ልጅ ያውቋታል፤ አንድ ቀን በሰው ፊት አንድ ቃል ትናገርና ትዕቢተኛ ትባላለች፣ ፊት ይነሷታል፣ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ በዚያ በር ትወጣለች፣ ከዚያ አትመለስም። እሷ ከሄደች አባቷም ከማጅራት ጋር ይቀራል። እሺ አሉ መነፅር ሠሪውን።

ልጅቷ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻላቸው ነበር። በሹክሹክታ አወራና በመነፅር ሠሪው አፍ ይወጣል፣ እንዲህ ነው? አለች። አዎ አሉ። የሳቸው አፍ ምን የተለየ ነገር አለው አለች። እሳቸውም ምንም እንዳልሆነ፣ ለአባቷ ስትል፣ ለሳቸው ለአሮጊቷ ስትል፣ ይሄን አንድ ቀን ድምፅ እንዳታሰማ ለመኗት። አስማሏት ማለት ይቀላል። ልጅቷ ምለው የማያውቁ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቃል ሰጠች።

ቀኑ ደረሰ። እማማ ሻሽ ለሴቶቹ ሻሽ ማደል ጀመሩ። ለአንዷ እንግዳ ሁለት ሻሽ ሰጧትና ሣቀችባቸው። ከዚያ የሁልጊዜ ቦታቸውን ትተው ከፊት፣ ልጃቸውን ከጎን በሚያዩበት ወንበር ተቀመጡ።

ሶፋ ሠሪው ወጣ። የሥራ እጁን አሽቶ አጥቦታል፣ ግን የሙጫው ቀለም ከጥፍሩ ሥር አይለቅም። ልጅቷ በቀኙ ቆመች፣ አዲሱ ሻሽ ራሷ ላይ ልክ ተቀምጧል፣ አንድ ጣት ከፍ ብሎ። መነፅር ሠሪው ከሷ ጎን ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ባልዲ የሚቀባበሉ ሦስት ጎረቤቶች ይመስሉ ነበር፤ ከኋላ በኩል ፈገግ ያለ ሰው እንደነበር እማማ ሻሽ በማጅራታቸው ተሰማቸው።

እጁ መንቀሳቀስ ጀመረ። ልጅቷ አንሾካሾከች። መነፅር ሠሪውም፣ “ጌታችን ሆይ፣ ሰላምታ አቀርብልሃለሁ” አሉ። እማማ ሻሽ ልባቸው መለስ አለ። እጁ ያለው ሰላም ብቻ ነበር፣ ደንበኛ ሲገባ እንደሚለው፤ ቢሆንም ምንም አይደለም፣ ሰላም ሰላም ነው። ቀጠለ። ሰው ደክሞት ሲመጣ የሚያርፍበትን ነገር እንድሠራ ሥራ ሰጠኸኝ አለ። መነፅር ሠሪው ይህንንም አሳምረው ተናገሩት። ከወንዶቹ መካከል አንድ ሁለቱ አሜን አሉ።

ከዚያ የሶፋ ሠሪው ፊት ተለወጠ። እጁ ሰፋ። እማማ ሻሽ ፈጣኑን ምልክት ሁሉ አልያዙትም፣ ግን ማጅራት የሚለውን ያዙ፣ ብዙ ዓመት የሚለውን ያዙ፣ በመጨረሻም ጡጫው ደረቱ ላይ ሲሽከረከር አዩ። ልጅቷ አንሾካሾከች። መነፅር ሠሪው ሰሙ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ከደኑት። መነፅራቸውን አስተካከሉ።

“ለብዙ ዓመታት በቤትህ ስላኖርከኝ ተመስገን” አሉ።

ሶፋ ሠሪው እጁን አቆመ። ድምፅ አይሰማም፣ ግን በዚያ ቤት ዕድሜ ልኩን የሰው አፍ ሲያይ ኖሯል። ተመስገን የሚለውን የከንፈር ቅርጽ ከማንኛውም ቃል በላይ ያውቀዋል። እሱ አላለውም። ወደ ልጁ ዞረ፤ ምን አሉ? ብሎ ጠየቃት፣ ቅንድቡን አንሥቶ። እሷ የተባለውን በእጇ ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። ወደ መነፅር ሠሪው ዞሮ ያንኑ ደገመው፣ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። መነፅር ሠሪው አልገባቸውም ማለት አይቻልም። ጎንበስ ብለው ለልጅቷ አንድ ነገር አሉ፤ በእግዚአብሔር ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር እንዴት ጮክ ብሎ ይባላል ሳይሆን አይቀርም።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ አያቷ አየች። ቃሏን እየጠበቀች ነበር። እማማ ሻሽ ያዩት ይህንን ነው፦ ቃሏን እየጠበቀች እንባዋ ይወርዳል። ልጃቸው ደግሞ እጁን አየር ላይ እንደያዘ ቆሟል። አሁን ካወረደው ለሁልጊዜው ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ተራህ ደረሰ ቢለው አይወጣም። ይህን እንደ ራሳቸው እጅ ያውቁታል።

ልጅቷ ብትናገር ምን እንደሚሏት ያውቃሉ። ወጣት ናት፣ ተምራለች፣ አፏ ፈጣን ነው። አንዲት አሮጊት ብትናገር ግን ምን ያደርጓታል? በጥርስ መካከል ቀርታ የከረመችው ያቺ የልጅቷ ጥያቄ ተመለሰችባቸው። ካልጸለየች ለምንድነው የምትሸፈነው? መልሱን አላገኙትም ነበር፤ አሁንም አላገኙትም። ያገኙት እግራቸው መቆሙን ብቻ ነው። እጃቸው ሳይነግሩት ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አወረደው።

“እንደሱ አላለም” አሉ።

ድምፃቸው በዚያ ቤት ብቻውን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ቀጭን ነበር፤ እሳቸውም ራሳቸው የማን ድምፅ ነው ብለው የደነገጡ መሰሉ። መነፅር ሠሪው እማማ ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ቀደሟቸው።

“ተናድጄብህ ነበር ነው ያለው። ልጄ እግዚአብሔርን ተናድጄብህ ነበር ነው ያለው። ይኸው ጡጫው።”

ሶፋ ሠሪው የእናቱን ከንፈር አየ። ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። የትምህርት ቤቱን ፈጣን ቋንቋ ተወው፤ እጁን ዝቅ አድርጎ እሳቸው ወደሚያውቁት፣ ወደ ወጥ ቤቱ ቋንቋ ወረደ። ልጁ እንኳ በደንብ የማታውቀው፣ የሕፃን ቋንቋ። ረጅም የነበረው ጸሎት አጠረ። እማማ ሻሽም እንዳዩት ተናገሩት፣ ሳያሳምሩ፦

“ብዙ ሰው ነበር። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም። አንተም ጆሮ ላላቸው ብቻ ነህ አልኩ። ተናደድኩ።” ትንሽ ጠበቁት። “ከዚያ ልጅ ሰጠኸኝ። ልጄ እጅ አላት። አንተ የምትለውን በሷ እጅ አየሁት። አሁን አልተናደድኩም።”

እጁ ግን አልጨረሰም። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራረበ። ትንሽ ብቻ። እማማ ሻሽ አመነቱ። ይሄን እንኳ ልተወው አሉ በሆዳቸው፣ ለሱ ብዬ፣ ሰው ምን ይላል። ቀና ሲሉ መነፅር ሠሪው ከፊት ለፊታቸው ቆመው ያዩዋቸዋል።

“ትንሽ ብቻ ነው የተናደድኩት” አሉ።

አንድ ሰው ከኋላ በአፍንጫው ሣቀ፤ የክፉ ሣቅ አልነበረም። ሶፋ ሠሪው አሁን ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ቅንድቡ ሳበው፣ የሻሽ ጠርዝ እንደሚያወርድ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እናት የሚለው በዚህ ነው። ከዚያ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንቀጠቀጣቸው። ከዚያ እንደገና እናት። ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ ከፈተ፣ ውሰድ እንደማለት።

እማማ ሻሽ ይሄኛውን ሊዘሉት የፈለጉት ለሰው ብለው አልነበረም፤ ለራሳቸው ብለው ነው። እንግዳ ሴቶች ነበሩ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ነበረች። ልጁ ግን እጁን አላወረደም፤ ልጅ ሆኖ ውኃ ሲጠይቅ እንደሚጠብቀው እየጠበቀ ነበር።

“እናቴ ትፈራለች” አሉ። “ሁልጊዜ ትፈራለች። ፍርሃቷን ውሰድላት።”

አሜን የሚለውን ምልክት ያለ ተርጓሚ ሁሉም ያውቀዋል። ጉባኤው አሜን አለ፣ ግማሹ ቶሎ፣ ግማሹ ዘግይቶ፣ አንዳንዱም ዝም አለ። መነፅር ሠሪውም ከዘገዩት ጋር አሉት።

ሲወጡ እማማ ሻሽ ወደ ቅርጫታቸው ተመለሱ። ሴቶቹ ሻሹን አንድ በአንድ መለሱ። አንዷ ሳታናግራቸው አለፈች። አንዷ ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ ለቀቀች። የዳቦ ቤቷ ባለቤት የራሷ ሻሽ ነበራት፣ የምትመልሰው የላትም፤ ቢሆንም ቆመች፣ ቅርጫት ውስጥ የተጠቀለሉትን ሁለት ሦስቱን ዘርግታ አጠፈችላቸውና ሄደች።

መነፅር ሠሪው ሰው ካለቀ በኋላ መጡ። ማክሰኞ ሽማግሌዎች እንደሚሰበሰቡ ነገሯቸው፤ ጉዳዩ መነሣቱ እንደማይቀር፣ የሚቆጡ እንዳሉ። እማማ ሻሽ ቅርጫቷን በእግራቸው ወደ ፊት ገፋ አደረጓት።

“እንግዲያው ይረከቡኝ” አሉ።

“ቅርጫቱን ማን ጠየቀዎት?” አሉ መነፅር ሠሪው፣ መነፅራቸውን አውልቀው። “ልጅቷ በትክክል ነበር የነገረችኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደረሰ። ፈራሁት።”

“እኔም አንዷን ልዘላት ነበር” አሉ እማማ ሻሽ።

“አውቃለሁ። አየሁዎት።”

ማክሰኞ ምን እንደሚሉ አልነገሯቸውም፤ እሳቸውም ገና አያውቁትም ነበር። ብቻ ከሽማግሌዎቹ አንድ ሰው ያንን ቋንቋ መማር እንዳለበት፣ ምናልባትም እሳቸው ራሳቸው፣ በዚህ ዕድሜ ጣት ይታጠፍ እንደሆነ እንጃ ብለው ሄዱ።

ሦስቱ በእግር ወደ ቤት አዘገሙ። ልጅቷ አያቷን ደግፋለች፤ ሻሹን አላወለቀችም፣ ወይ ረስታዋለች። መንገድ ላይ፣ እኔን አስምለሽ አንቺ ተናገርሽ አለቻቸው። እሳቸውም እኔን ማን አስማለኝ አሉ። ያን ጊዜ ልጅቷ ከልቧ ሣቀች።

ሶፋ ሠሪው ከፊት ከፊት ሲሄድ ቆየና ዞሮ ወደ ኋላው እየተራመደ እናቱን ጠየቀ። ጸሎቴ በአንቺ አፍ ሲወጣ ምን ይመስል ነበር? እማማ ሻሽ ቆንጆ ነበር ሊሉት ይችላሉ፤ እሱ ሰምቶ አያረጋግጥም። እጃቸውን አንሥተው አንቀጠቀጡት፤ ድምፄ እንዲህ ነበር እንደማለት።

እሱም የራሱን እጅ አየ፣ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ለእናቱ ዘርግቶ አሳያቸው።